ላኪን ማጣራት፣ ደብዳቤን አለማጣት፦ የፖስትፊክስና የአርስፓምዲ ግምገማ

የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ዓይነት ወቀሳ ይደርሰዋል። አንደኛው «ይህ የማጭበርበሪያ መልእክት እንዴት ገባ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ተልኮልኛል የተባለው ደብዳቤ የት ገባ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ወቀሳ ወዲያውኑና በጩኸት ይመጣል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጭራሹን አይመጣም፤ ሰው መላኩን የማያውቀውን ደብዳቤ አልደረሰኝም ብሎ ሊጠይቅ አይችልምና። በዚህም የተነሣ ማጣሪያውን እያጠበቀ የሚሄድ ባለሙያ ምስጋና ብቻ እየሰማ ለወራት በስሕተት ሊጓዝ ይችላል። እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንደዚያው ተጉዣለሁ፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

የምገመግማቸው አብረው የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች ናቸው፤ መልእክት የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ፣ ከእርሱም ጋር ተያይዞ እያንዳንዱን መልእክት የሚመዝነው አርስፓምዲ። ሁለቱም ክፍያ የማይጠየቅባቸው፣ የምንጭ ኮዳቸውም ለማንም ክፍት የሆነ ናቸው። ጥቂት መቶ የመልእክት ሳጥኖች ባሉበት መሥሪያ ቤት ለበርካታ ዓመታት ሠርቼባቸዋለሁ። ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ አጫጫናቸው ወይም የስፓምን (ያልተፈለገ የጅምላ መልእክትን) ይዘት ስለሚለዩበት ስልት እዚህ አልጽፍም። የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚለው ላኪ በእርግጥ እርሱ መሆኑን አጥብቀው ሲመረምሩ፣ ሐቀኛውን ላኪ ሳይጎዱ እንዲሠሩ ለማድረግ ምን ያህል ይመቻሉ?

ችግሩ ከሥር የመጣ ነው። ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ሥርዓት በጆን ፖስቴል ተጽፎ በ1982 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ፣ ላኪው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ አንቀጽ አልነበረውም። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ ይይዛል። አንደኛው ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት፣ በፖስታው ጀርባ እንደተጻፈ አድራሻ የሚቆጠር ነው፤ ሁለተኛው አንባቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየው፣ በደብዳቤው ራስጌ ላይ የሰፈረው ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ ግዴታ የለም። በኋላ የመጡት ሦስት የማረጋገጫ ዘዴዎች ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሠሩ ናቸው። በ2006 የወጣውና በ2014 የተሻሻለው ኤስፒኤፍ፣ በፖስታው ላይ በተጻፈው ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ ምልክት በኋላ ባለው ስያሜ) ስም መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸው አይፒ አድራሻዎች (ሰርቨሮች በኢንተርኔት ላይ የሚለዩባቸው ቁጥሮች) የትኞቹ እንደሆኑ በዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ከቁጥሮች ጋር በሚያገናኘው የጋራ መዝገብ) ላይ ያስታውቃል። በ2007 የወጣው ዲኪም በመልእክቱ ላይ የዲጂታል ፊርማ ያኖራል። በ2015 በይፋ ሰነድ ሆኖ የታተመው ዲማርክ ደግሞ የእነዚህን ውጤት አንባቢው ከሚያየው አድራሻ ጋር ያስተሳስራል፤ ማረጋገጫው ሳይሳካ ሲቀር መልእክቱ ይለፍ፣ ወደ ጎን ይቀመጥ ወይስ ይመለስ የሚለውንም የዶሜይኑ ባለቤት እንዲናገር ያስችለዋል።

አንድ ምርመራ ሲወድቅ ምን እንደተረጋገጠ መለየት የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። አንዳንዱ ውድቀት ማስመሰልን ያሳያል፤ አንዳንዱ የላኪውን ሰርቨር አስተዳዳሪ ቸልተኝነት ያሳያል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደብዳቤው በሌላ መንገድ ዞሮ መምጣቱን ብቻ ያሳያል። ሦስቱን በአንድ ቅጣት የሚቀጣ ማጣሪያ ጥብቅ ሊባል አይገባውም፤ ያልተጠነቀቀ ነው እንጂ። ፖስትፊክስና አርስፓምዲን የምወዳቸው ይህን ልዩነት እንድጠብቅ መሣሪያውን ስለሰጡኝ ነው፤ የምወቅሳቸውም መሣሪያው እንዳለ ለማወቅ ረጅም ሰነድ ማገላበጥ የግድ ስለሚሆን ነው።

በፖስትፊክስ ልጀምር። ዊትሰ ቬነማ በአይቢኤም የምርምር ማእከል ሳለ የሠራውና በ1998 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ሰርቨር፣ የላኪን ማንነት የሚመለከቱ ደንቦቹን አስተዳዳሪው በጻፈበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይፈትሻል። ከደንቦቹ ሁሉ ያለ ሥጋት የምመክረው፣ በፖስታው ላይ የተጻፈው የላኪ ዶሜይን በዲኤንኤስ ላይ መኖሩን የሚጠይቀው ነው። ዶሜይኑ ከሌለ ተቀባዩ መልስ ሊጽፍ ቢፈልግ እንኳ የሚላክበት ቦታ ስለሌለ፣ እንዲህ ያለውን መልእክት መመለስ ማንንም ሐቀኛ ሰው የሚጎዳበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ጥሩነቱ ደግሞ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ለጊዜው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ፖስትፊክስ «ዶሜይኑ የለም» ብሎ አይፈርድም፤ «ቆይተህ ሞክር» የሚል ጊዜያዊ መልስ ይሰጣል።

የአይፒ አድራሻን ወደ ስም የሚመልሰው ምርመራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፖስትፊክስ ይህንን በሁለት ደረጃ ያቀርባል። ለስላሳው ደንብ መልእክት ያመጣው አይፒ አድራሻ በዲኤንኤስ ላይ አንድ ስም እንዲኖረው ብቻ ይጠይቃል። ጥብቁ ደግሞ ስሙ መልሶ ወደዚያው አይፒ አድራሻ እንዲያደርስ ያስገድዳል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ጥብቁ የተሻለ ይመስላል፤ እኔም ስፓም በበዛበት አንድ ሳምንት ያለ ብዙ ማሰላሰል ጥብቁን አበራሁት። ስፓሙ በእርግጥ ቀነሰ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሒሳብ ክፍል ተደወለልኝ። ባልደረባዬ ድምፃቸውን ሳያሰሙ የሚቆጡ ሴት ናቸው። «ውሉን ትናንት ጠዋት ልከንልሻል ይሉኛል፤ እኔ ሳጥኔን ስከፍት ስዘጋ ነው የዋልኩት። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። እስቲ እባክህ እየው» አሉኝ። ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍቼ የላኪዎቹን ዶሜይን ስፈልግ አንድ ዓይነት መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አገኘሁ። መስመሩ ሰዓቱን፣ የላኪውን አይፒ አድራሻ፣ 450 የሚል ቁጥርና «የደንበኛው ስም ሊገኝ አልቻለም» የሚል ምክንያት ይዟል። መጀመሪያ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት፣ ኋላም በሰዓት ገደማ ልዩነት፣ የላኪው ሰርቨር ሌሊቱን ሙሉ እያንኳኳ አድሯል፤ የእኔ ሰርቨር ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ መልሶታል። ላኪው አነስተኛ መሥሪያ ቤት ነበር። የኢንተርኔት አቅራቢውን በቅርቡ ቀይሮ ኖሮ፣ አዲሱ አይፒ አድራሻ የያዘው ስም ወደ አሮጌው አድራሻ ይመራ ነበር። ማንም ማንንም አላስመሰለም፤ አንድ የዲኤንኤስ መስመር ሳይታረም ቀርቶ ነው እንጂ።

ጥብቁን ደንብ አጥፍቼ ለስላሳውን ተካሁበት። ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የላኪው ሰርቨር እንደ ልማዱ ደግሞ ሞከረ፤ ውሉም ገባ። ማንም እንደገና መላክ አላስፈለገውም። ይህን ያተረፈልኝ ፖስትፊክስ ለዚህ ደንብ በነባሪነት (አስተዳዳሪው ካልቀየረው በስተቀር እንዲሠራ) የመረጠው 450 የሚለው ቁጥር ነው። በኤስኤምቲፒ ቋንቋ በ4 የሚጀምር መልስ «አሁን አልቀበልህም፣ ተመልሰህ ና» ማለት ሲሆን በ5 የሚጀምረው «አልቀበልህም፣ አትመለስ» ማለት ነው። የፖስትፊክስ ሠሪዎች አስተዳዳሪው ሊሳሳት እንደሚችል አስበው፣ ለሚያጠራጥሩት ደንቦች ለስላሳውን ቁጥር በነባሪነት ማስቀመጣቸው ትልቅ አስተዋይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገርላቸው እዚህ ላይ በግልጽ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

ነገር ግን ጊዜያዊው መልስም የራሱ ጉዳት አለው፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። በ5 የሚጀምር መልስ የደረሰው ሰርቨር ለላኪው «ደብዳቤህ አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ ወዲያው ይልካል፤ ላኪው ስልክ አንሥቶ ይደውላል ወይም በሌላ መንገድ ይልካል። በ4 የሚጀምር መልስ የደረሰው ሰርቨር ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፖስትፊክስ ራሱ እንደ ላኪ ሲሠራ ያልተላከን መልእክት በነባሪነት እስከ 5 ቀን ይዞ ይሞክራል፤ መዘግየቱንም አስተዳዳሪው ካላዘዘው በስተቀር ለጸሐፊው አይነግርም። ስለዚህ የውሉ ጸሐፊ እነዚያን ሁለት ቀናት ሁሉ ደብዳቤው እንደደረሰ አምኖ ተቀምጧል። ጊዜያዊው መልስ ለደብዳቤው ይራራል፤ ለጸሐፊው ግን እውነቱን አይነግረውም። ከዚህ በኋላ የያዝኩት አቋም የሚከተለው ነው፤ አንድ ደንብ አዲስ ሆኖ ሎጉን በየቀኑ የሚያነብ ሰው እስካለ ድረስ 450 ይቆይ፤ ደንቡ ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ወደ 550 ይቀየር፤ ሎጉን የሚያነብ ሰው በሌለበት 450ን ለዘላለም ትቶ መሄድ ደብዳቤን ማዘግየት ሳይሆን መቅበር ነው።

የፖስትፊክስ ትልቁ ሀብት በእኔ ፍርድ «ዋርን ኢፍ ሪጀክት» የሚለው ማስተካከያ ነው። ከአንድ ደንብ በፊት ይህ ቃል ከተጻፈ፣ ደንቡ ሊመልሰው የነበረው መልእክት ይገባል፤ በሎጉ ላይ ግን «ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰፍራል። ማለትም ደንቡ በማንም ላይ ጉዳት ሳያደርስ ፈተና ላይ ይቀመጣል። ከውሉ ጉዳይ በኋላ ማንኛውንም አዲስ ደንብ በዚህ መንገድ ሳላሳልፍ አላበራም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ፈተናውን ለአንድ ሳምንት ብቻ ማድረግ አይበቃም። ሐቀኛ ሆነው ሰርቨራቸው ያልተስተካከለ ላኪዎች ብዙዎቹ በየቀኑ የሚጽፉ አይደሉም፤ በወር አንድ ጊዜ ደረሰኝ የሚልኩ፣ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ መግለጫ የሚልኩ የማሽን ላኪዎች ናቸው። እኔ ቢያንስ የወር መጨረሻንና የወር መጀመሪያን የሚያካትት ጊዜ እጠብቃለሁ፤ በአንድ ደንብ ላይ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ምንም ሳይታይ ቆይቶ በወሩ የመጨረሻ ቀን ብቻ 6 ሐቀኛ ላኪዎች በማስጠንቀቂያው ውስጥ ወጥተዋልና።

ፖስትፊክስ ከሚያቀርባቸው መካከል ለማንም የማልመክረው ደግሞ የላኪውን አድራሻ እስከ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ምርመራ ነው። ሰርቨሩ መልእክቱን ከመቀበሉ በፊት ወደ ላኪው ዶሜይን ሰርቨር ይደውልና «ለዚህ አድራሻ መልእክት ባመጣ ትቀበለኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ምንም ሳይልክ ይዘጋል። ሐሳቡ ያማልላል። በተግባር ግን ብዙ ነገር ያበላሻል። መልእክት ለመላክ ብቻ የተፈጠሩ፣ ሳጥን የሌላቸው አድራሻዎች ሁሉ ይወድቃሉ፤ የባንክ ማሳወቂያና የትኬት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ አድራሻ ይመጣል። ማንኛውንም አዲስ ጠያቂ መጀመሪያ «ቆይተህ ና» የሚሉ ሰርቨሮች ምርመራውን ያዘገዩታል። ማንኛውንም አድራሻ «አዎ» የሚሉ ሰርቨሮች ደግሞ ትርጉም ያሳጡታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ አጭበርባሪ የአንድ ንጹሕ ሰው አድራሻን አስመስሎ ሺህ መልእክት ቢልክ፣ ጥያቄው የሚዘንበው በዚያ ንጹሕ ሰው ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጠያቂው ራሱ በጥቁር መዝገብ ሊገባ ይችላል። ፖስትፊክስ የምርመራውን ውጤት ያስቀምጣል፤ አዎንታዊውን እስከ 31 ቀን፣ አሉታዊውን እስከ 3 ቀን። ስለዚህ በአንድ የስሕተት መልስ የተነሣ አንድ ሐቀኛ ላኪ በተደጋጋሚ ሊመለስ ይችላል። የፖስትፊክስ ሰነድ ራሱ ስለዚህ ሁሉ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ደንቡን በብዛት በሚመሰሉ ጥቂት ዶሜይኖች ላይ ብቻ መጠቀምንም ያሳያል። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ታማኞች ናቸው፤ ችግሩ ከሰነዱ ሁለት መስመር ብቻ ቀድተው የሚያሰራጩ መመሪያዎች ማስጠንቀቂያውን ትተው መቅዳታቸው ነው።

ፖስትፊክስ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን በራሱ አይመረምርም። ይህን ሥራ በእኔ ዘንድ የሚሠራው በ2008 በቭሴቮሎድ ስታኮቭ የተጀመረው አርስፓምዲ ነው። አርስፓምዲ አንድ ምርመራ ስለወደቀ ብቻ ወዲያው አይፈርድም፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል። በነባሪው አሠራር ድምሩ 4 ሲደርስ መልእክቱ ለጊዜው ይዘገያል፤ 6 ሲደርስ የስፓም ምልክት ይለጠፍበታል፤ 15 ሲደርስ ይመለሳል። የኤስፒኤፍ ውድቀት ብቻውን ከእነዚህ ወደ አንዱም አያደርስም። ይህን ሲያዩ «ማጣሪያው ለዘብተኛ ነው» ብለው የሚያጉረመርሙ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ፎርዋርድ የሚደረግ መልእክት ነው። አንድ ሰው ለቀድሞ ተማሪዎች በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ይጠቀማል እንበል፤ ወደዚያ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ወደ ሥራ ሳጥኑ ይተላለፍለታል። ደብዳቤው እኔ ጋ ሲደርስ ያመጣው የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ነው፤ በፖስታው ላይ የተጻፈው ግን የመጀመሪያው ላኪ ዶሜይን ነው። አስተላላፊው የፖስታውን አድራሻ በራሱ ካልለወጠው በቀር ኤስፒኤፍ ይወድቃል። የወደቀው ማስመሰል ስላለ አይደለም፤ ደብዳቤው ዞሮ ስለመጣ ነው። የዲኪም ፊርማ ግን በመልእክቱ ላይ ስለተለጠፈ አብሮ ይጓዛል፤ አስተላላፊው ይዘቱን እስካልነካ ድረስም ጸንቶ ይቆያል። እንግዲህ የዶሜይኑ ባለቤት በኤስፒኤፉ ላይ «ከእነዚህ ውጭ ሁሉ ይከልከል» ብሎ ስለጻፈ ብቻ፣ ፊርማውን ሳያዩ በር ላይ መመለስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የዲማርክ ሰነድ ራሱ ኤስፒኤፍ ቀድሞ ሲፈርድ ዲማርክ ሳይመረመር እንደሚቀር ያነሣል። ኤስፒኤፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ አንድን መዝገብ ለመመርመር ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ አይፈቀድም። በየጊዜው አዲስ የመልእክት መላኪያ አገልግሎት የሚጨምር ሐቀኛ ድርጅት ይህን ወሰን ሳያውቅ ያልፈዋል፤ መዝገቡም ስሕተት ያለበት ሆኖ ይቆጠራል። አርስፓምዲ ይህን ይመዘግበዋል፤ በዚህ ብቻ ግን መልእክትን አይመልስም።

ዲማርክ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚህ «መልስልኝ» የሚለው የዶሜይኑ ባለቤት ራሱ ነው። ባለቤቱ ከጠየቀ ለምን አይመለስም? በሚያዝያ 2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሁ ለተጠቃሚዎቹ ዶሜይን ይህንኑ ጥብቅ ትእዛዝ ሲያውጅ፣ በዚያው ወር ኤኦኤልም ሲከተለው የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የውይይት የኢሜይል ቡድኖች ከመልእክቱ ርእስ ላይ የቡድኑን ስም፣ ከግርጌው ላይ ማስታወሻ የመጨመር ልማድ አላቸው፤ ይህ የዲኪምን ፊርማ ይሰብራል፤ የሚልከውም የቡድኑ ሰርቨር ስለሆነ ኤስፒኤፍ ከጸሐፊው ዶሜይን ጋር አይገጥምም። በዚህ የተነሣ የእነዚህ ዶሜይኖች ተጠቃሚዎች ለቡድኖቹ የጻፉት መልእክት ከየአቅጣጫው ተመለሰ፤ አንዳንድ የቡድን ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞችም የተመለሰባቸውን ተቀባዮች ከአባልነት መዝገብ ሰረዙ፤ ሰዎቹ ምንም ያጠፉት ነገር አልነበረም። በ2019 የወጣው አርክ የተባለ ዘዴ አስተላላፊው ሰርቨር ቀድሞ ያየውን የማረጋገጫ ውጤት ፈርሞበት እንዲያስተላልፍ ያደርጋል፤ አርስፓምዲም ያነበዋል። ነገር ግን የየትኛውን አስተላላፊ ምስክርነት ማመን እንደሚገባ መወሰን የአስተዳዳሪው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

አርስፓምዲ በነባሪው አሠራር የዲማርክን ትእዛዝ ወደ ነጥብ ይለውጠዋል እንጂ በቀጥታ አይፈጽመውም። አስተዳዳሪው ከፈለገ በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ «መልስ» ለሚለው ትእዛዝ መመለስን፣ «ወደ ጎን አስቀምጥ» ለሚለው የስፓም ምልክት መለጠፍን ሊያዝዝ ይችላል። እኔ ለጊዜው ነጥቡን ብቻ ይዤ ቆየሁ፤ ሎጉን ለሁለት ወራት አነበብኩ፤ የሚያስተላልፉልንን ሰርቨሮችና ባልደረቦቼ አባል የሆኑባቸውን ቡድኖች ለየሁ፤ እነርሱን በልዩ ሁኔታ ካሳለፍኩ በኋላ ትእዛዙን በቀጥታ እንዲፈጸም አደረግሁ። ዛሬ በዚህ ውሳኔ አልጸጸትም። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም ማረጋገጫዎች ግዴታ ካደረጉ ወዲህ፣ ለጉግል ወሰኑ በቀን 5,000 መልእክት ሲሆን፣ ከዚህ በፊት ያልፈረሙ ሐቀኛ ላኪዎች መፈረም ጀምረዋል። በዚህ የተነሣ የፊርማ አለመኖር ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም ያለው ምልክት ሆኗል።

ልዩ ፈቃድን በተመለከተ አርስፓምዲ ያለው አንድ ነገር በጣም ያስደስተኛል። የታመነ ላኪን በስሙ ብቻ በነጭ መዝገብ ማስገባት ለአስመሳዩ በር መክፈት ነው፤ አስመሳዩ የሚመርጠው ስም ይኸው የታመነው ስም ነውና። አርስፓምዲ ግን ዶሜይኑ የሚታመነው ፊርማው ወይም ዲማርኩ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ያስችላል። ከዚያም በላይ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርሙ ዶሜይኖች ሳይፈርሙ ሲመጡ ከሌላው የበለጠ ነጥብ እንዲጫንባቸው ማድረግ ይቻላል። ክፍያ የምንፈጽምባቸውን ተቋማት ዶሜይኖች እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ።

መልእክትን ለጊዜው የማዘግየቱ ስልት፣ ማለትም የማይታወቅ ላኪን ለ5 ደቂቃ ያህል አቆይቶ እንደገና ሲመጣ መቀበል፣ ለደብዳቤ ጥሩ ሲሆን ለአንድ ጊዜ መግቢያ ኮድ ግን መጥፎ ነው፤ ኮዱ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል። ኮድ የሚልኩትን ከዚህ ነጻ አድርጌያቸዋለሁ።

አሁን ብዙዎች ወደማይደርሱበት አንድ ማስተካከያ ልመለስ። ፖስትፊክስ በሚሰጠው የእምቢታ መልስ ሁሉ ግርጌ ላይ አስተዳዳሪው የፈለገውን ጽሑፍ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ በጽሑፉ ውስጥም የላኪውን አይፒ አድራሻና ሰዓቱን ሊያስገባ ይችላል። እኔ የጻፍኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መልእክቱ የተመለሰው በሰርቨር ማረጋገጫ ምክንያት መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱን ስልክና «ፖስትማስተር» የሚለውን አድራሻ ይሰጣል። ወደ ፖስትማስተር የሚመጣ መልእክት ከላኪ ምርመራው ሁሉ በፊት እንዲያልፍ አድርጌ ደንቡን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አስቀምጫለሁ፤ ይህ አድራሻ መልእክት እንዲቀበል የኤስኤምቲፒ ሰነድ ራሱ ያዛልና። ይህን ባደረግሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የማላውቃቸው ሰው ደወሉ። «ደብዳቤዬ ሲመለስ ከሥሩ የእናንተን ስልክ አየሁ፤ እኛ ጋ የተበላሸው ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ» አሉ። ፊርማው የሚሠራበትንና የሚረጋገጥበትን የዲኪም ቁልፋቸውን ሲቀይሩ አዲሱን በዲኤንኤስ ላይ ማውጣት ረስተዋል። በዚያው ቀን አስተካከሉት። ደብዳቤያቸው በስፓም ማኅደር ውስጥ ዝም ብሎ ቢጣል ኖሮ እርሳቸውም አይደውሉም፣ ቁልፉም አይታረምም፣ ተቀባዩም ማኅደሩን ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ ነው በማንነት ምርመራ የወደቀን መልእክት ወደ ስፓም ማኅደር ከመወርወር ይልቅ፣ ግንኙነቱ ገና ሳይዘጋ በግልጽ ምክንያት መመለስን የምመርጠው። ፖስትፊክስና አርስፓምዲ በጋራ ይህን መመለስ ያለ ችግር ያደርጉታል።

ጉድለቶቻቸውንም ልናገር። የሁለቱ ሎግ የተለያየ ነው፤ አንድ የተመለሰ መልእክት ለምን እንደተመለሰ ለማወቅ መለያ ቁጥሩን ከአንዱ ወስዶ በሌላው መፈለግ ያስፈልጋል። የአርስፓምዲ የድር ገጽ የእያንዳንዱን መልእክት ነጥብ በምልክት በምልክቱ ዘርዝሮ ማሳየቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በነባሪው የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 200 መልእክቶች ብቻ ስለሆነ፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን የጠዋቱ መልእክት ከቀትር በፊት ከዝርዝሩ ይወጣል። ቁጥሩን በመጀመሪያው ቀን ከፍ ማድረግ ይገባል። ተራው ተጠቃሚ ደግሞ ወደ እርሱ ሊመጡ ሲሉ የተመለሱትን ደብዳቤዎች የሚያይበት ምንም መስኮት የለም። የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ ዛሬም የተመለሰባቸውን ለማወቅ እኔን መጠየቅ አለባቸው፤ እኔም በየሳምንቱ ሰኞ ከሎጉ አውጥቼ አጭር ዝርዝር እልክላቸዋለሁ። ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ነገር ነው።

ለማን ይሆናሉ? ሎጉን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ላለበት ቤት፣ ከእነዚህ የተሻለ ቁጥጥር የሚሰጥ አላገኘሁም። እንዲህ ያለ ሰው ለሌለበት ቤት ግን በነባሪው አሠራር ይቆዩ እንጂ ጥብቆቹን ደንቦች አያብሩ።

ልዩ ፈቃድ የሰጠኋቸው ላኪዎች ዝርዝር አሁን 14 መስመር አለው። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የተጨመረበትን ቀን፣ የጠየቀውን ባልደረባና የላኪውን ጉድለት ጽፌአለሁ፤ በየሦስት ወሩም አንድ በአንድ ፈትሼ ጉድለታቸውን ያረሙትን አወጣለሁ። የውሉ ላኪ የነበረው አነስተኛ መሥሪያ ቤት ባለፈው ፍተሻ ስሙና አይፒ አድራሻው ገጥመው ስላገኘሁት መስመሩን ሰርዣለሁ።